ሁለተኛ ፈረቃ ልንከፍት ነው፦ ስንት ሰው እንቅጠር፣ እንዴት እናሰልጥን፣ እንዴትስ እናቆይ?

ፈረቃ ሁለት፦

ሰላም ወገኖች። ጥያቄው መኪና ገጣጥሞ ስለሚያወጣ ፋብሪካ ነው። አሁን የሚሠራው በአንድ ፈረቃ ነው፤ ዕረፍትና ምሳ ተቀንሶ የተጣራው የሥራ ጊዜ 450 ደቂቃ፣ የቀኑ ምርት 150 መኪና። በየ3 ደቂቃው አንድ መኪና ከመስመሩ ይወርዳል ማለት ነው። መስመሩ ላይ 140 የሥራ ቦታ አለ። በ16 ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ፈረቃ ይከፈት ተብሏል። የቀረበው ዕቅድ 150 ሰው ይቀጠራል፣ 3 ቀን ክፍል ውስጥ ይሰለጥናል፣ ከዚያ ነባር ሠራተኛ አጠገብ ቆሞ እያየ ይለምዳል ይላል። ለማሰልጠን የተመረጡት ነባሮች 10 ናቸው።

ከዚህ በፊት ከተቀጠሩት ከአምስቱ አንዱ ሦስት ወር ሳይሞላው ወጥቷል። ሥራውን ከለመዱት መካከልም ሌላ ድርጅት የሚወስዳቸው አሉ። ስለዚህ አስተዳደሩ "ሁለት ዓመት ሳያገለግል የለቀቀ የስልጠናውን ወጪ ይክፈል" የሚል ግዴታ ሊያስፈርም አስቧል። 150 ሰው ይበቃል? 3 ቀንስ? ግዴታውስ ያዋጣል?

ቁልፍ 13፦

150 አይበቃም። ሒሳቡን ከመስመሩ ተነስታችሁ ሥሩት። 140ው ቦታ በየቀኑ ሰው ይፈልጋል። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመም፣ ሐዘንና ቀሪ ተደምሮ 9 በመቶ ቢሆን (የራሳችሁን ቁጥር ከሰዓት መቆጣጠሪያው አውጡ)፣ 140 ለ0.91 ሲካፈል 154 ይሆናል። እነዚህ መስመር ላይ የሚቆሙት ብቻ ናቸው። ከዚህ ሌላ ለየ6 ቦታው አንድ ቡድን መሪ ያስፈልጋል፤ 24 ሰው። ቡድን መሪ ቋሚ ቦታ ሊኖረው አይገባም። ሥራው ገመድ (ሠራተኛ ሲቸገር እርዳታ ለመጥራት ወይም መስመሩን ለማስቆም የሚስበው) ሲሳብ ደርሶ መርዳት፣ ሽንት ቤት የሚሄደውን መተካት፣ አዲሱን ሰው ማየት ነው። በቀሪ ሰው ቦታ ካቆማችሁት በዚያ ቀን ያ ቡድን መሪ የለውም፤ አዲስ ሰው "ይቅርብኝ" ብሎ የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ሃያ አራቱ የሚመጡት ከነባሩ ስለሆነ የመጀመሪያው ፈረቃም በዚያው ልክ ይጎድላል። ስለዚህ ሥራውን ችሎ መቆም ያለበት ሰው 154 ሲደመር 24፣ 178 ነው። ከአምስት አንድ የሚወጣ ከሆነ 178ን ለ0.8 ታካፍላላችሁ፤ 223 ይመጣል። ከዕቅዱ ጋር የ73 ሰው ልዩነት አለው።

ወረፋው የሚያዘው ግን ቅጥሩ ላይ ሳይሆን አሰልጣኙ ላይ ነው። አንድ አሰልጣኝ በአንድ ጊዜ በደንብ ሊይዝ የሚችለው ሁለት ሰው ነው። አንድ ሰው ለብቻው እስኪቆም 3 ሳምንት ከወሰደ በ15 ሳምንት 5 ዙር ይኖራችኋል፤ በ10 አሰልጣኝ 100 ሰው። ይህን ሳያዩ በሽያጭ ዕቅዱ ልክ የሚቀጥሩ ፋብሪካዎች ሰውን በር ላይ ደርድረው ማንም ሳያስተምረው መስመር ላይ ይጥሉታል፤ ከዚያ "የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም" ይላሉ።

እኔ ብሆን የማደርገው ይህን ነው፦ የሁለተኛውን ፈረቃ 24 ቡድን መሪዎች ዛሬ ሹሙና አሰልጣኞቹ እነሱ ይሁኑ። አንደኛው ዙር በ10 አሰልጣኝ ይካሄድ፣ ሠልጥነው የሚወጡት 20 ሰዎች የተሾሙትን ቦታ ይሸፍኑ። የቀሩትን 4 ዙሮች 24ቱ ያስተምሩ፤ 192 ሰው። በድምሩ 212 ይሆናል። 11 ሰው ይጎድላል፤ ወይ መክፈቻው በአንድ ዙር ይገፋ ወይ መስመሩ ቀስ ብሎ ይጀመር። ሰው ያስተማረው ቡድን መሪ ሥር ሲመደብ ደግሞ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ጥያቄ ለመጠየቅ አያፍርም።

የመስመር ካቦ፦

በቁጥሩ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ስልጠናው ነው። "አጠገብ ቆሞ እያየ ይለምዳል" የሚለውን ሰርዙት። አዲሱ የሚያየው የነባሩን እጅ ነው፤ ነባሩም የራሱን አቋራጭ ሁሉ ሳያስበው ያወርሰዋል። ሥራ የቻለ ሁሉ ደግሞ ማስተማር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1940 አሜሪካ ውስጥ ለጦር ኢንዱስትሪ ተብሎ የወጣው የሥራ ላይ ማስተማሪያ ዘዴ በኋላ ጃፓን ገብቶ ቶዮታ እስካሁን የሚጠቀምበት ለዚህ ነው። አሰልጣኝ ለማዘጋጀት 10 ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ በቀን 2 ሰዓት፣ 5 ቀን። አራት ደረጃ አለው፦ ሰውየውን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማሳየት፣ ራሱ እንዲሞክር ማድረግ፣ እየተመላለሱ መከታተል። ብዙ አሰልጣኝ የሚበላሸው ሁለተኛው ላይ ነው፤ አንዴ አሳይቶ "ገባህ?" ይላል። "አልገባኝም" የሚል ሰው የለም። ሥራው ሦስት ጊዜ ይታይ፤ መጀመሪያ ዋና ዋና ደረጃዎቹ ብቻ እየተጠሩ፣ ቀጥሎ ጥንቃቄ የሚሹት ነጥቦች ተጨምረው፣ በሦስተኛው የየነጥቡ ምክንያት እየተነገረ። ሰልጣኙም ሲሠራ እነዚያኑ በራሱ አፍ መልሶ ይናገር።

የጎማ ዳዶ በእጅ መሣሪያ የሚጠብቅበትን ቦታ እንውሰድ። ጥንቃቄ የሚሻው ነጥብ ዳዶውን በጣት ሁለት ሦስት ዙር ማስጀመር፣ ከዚያ በዙሪያው በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እያፈራረቁ በኮከብ ቅርጽ ማጥበቅ ነው። ምክንያቱ? ዳዶው ከመጀመሪያው በመሣሪያ ከተነዳ ጥርሱ ሊጣመም ይችላል። የተጣመመ ጥርስ በራሱ ስለሚከብድ፣ ቶርክ (የማጥበቂያውን የመጠምዘዝ ኃይል) ብቻ የሚለካ መሣሪያ "ሞላ" ብሎ አረንጓዴ ያበራል፤ ቸርኬው ግን አልተያዘም። ስንት ዲግሪ እንደዞረ ጭምር የሚቆጣጠር መሣሪያ ካላችሁ ይይዘዋል፤ ከሌላችሁ የቀራችሁ የሠራተኛው ጣት ነው። ምክንያቱን ያልሰማ ሰልጣኝ፣ መስመሩ ሲፈጥንበት መጀመሪያ የሚተወው ያችን ሁለት ዙር ነው።

የሽቦ ስፒናም እንደዚሁ። ግፋ፣ "ቀጭ" ሲል ስማ፣ ከዚያ ስፒናውን ራሱን ይዘህ (ሽቦውን አይደለም) ወደኋላ ሳብ አድርገህ ሞክር። በግማሽ የገባ ስፒና ብረቶቹ ስለሚነካኩ በመስመሩ መጨረሻ ያለውን የኤሌክትሪክ ፍተሻ ያልፋል፤ መኪናው መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ይላቀቃል። ጫጫታ ባለበት ቦታ ድምፁ አይሰማም፣ ስለዚህ መሳቡ መቼም አይቀርም።

3 ቀኑ አይበቃም፤ ከመስመር ውጪ አንድ ሙሉ ሳምንት ስጧቸው። ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ግን ከግማሽ ቀን አይብለጥ፦ የደህንነት ሕግ፣ ገመዱ መቼ እንደሚሳብ፣ ቀለም የሚጭር ቀለበት፣ ሰዓትና የቀበቶ ዘለበት ስለማውለቅ ወይም ስለመሸፈን። የቀረው ጊዜ በጠረጴዛ ላይ ልምምድ ይሁን። አንድ የተጣለ የበር ብረት ላይ 20 ስፒና፣ 20 ብሎን፣ ጥቂት የቱቦ ማያያዣና የፕላስቲክ ክሊፕ ግጠሙበት፤ ሰልጣኙ እየፈታ ይግጠም፣ መጀመሪያ ያለሰዓት፣ በኋላ በሰዓት።

ወደ መስመር ሲገባም ሙሉውን የ3 ደቂቃ ሥራ አትስጡት። ሥራውን አራት ቦታ ቁረጡት፤ አንድ ቁራጭ 45 ሰከንድ ቢሆን፣ ሰልጣኙ ያችኑ ቁራጭ በሚያልፈው መኪና ሁሉ ላይ ይሥራ፣ አሰልጣኙ ቀሪውን። በቀን 150 ጊዜ ስለሚደጋግማት በሁለት ቀን እጁ ይለምዳታል፤ ከዚያ ሁለተኛዋ ትጨመራለች። "ችሏል" የሚባለው አምስት ተከታታይ ቀን ያለእርዳታና ያለጉድለት በ3 ደቂቃው ሲሠራ ነው። ቀን ቆጥሮ ብቻ ማሳለፍ ጉድለቱን ወደ ፍተሻ ቦታ ማሻገር ነው፤ እዚያ የሚፈርሰው ዳሽቦርድ ደግሞ ከመስመሩ በላይ ጊዜ ይበላል።

ከሁሉ የሚረሳው አካል ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ጣትና የእጅ አንጓ ያብጣል፣ ጠዋት እጅ መጨበጥ ይከብዳል። አብዛኛው ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይለምደዋል፣ ግን ማንም አስቀድሞ ካልነገረው "ተጎዳሁ" ብሎ ይወጣል። በየ2 ሰዓቱ ቦታ አቀያይሯቸው፤ በተለይ ክሊፕ በአውራ ጣት ከሚገፋበትና እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ከሚሠራበት ቦታ። ሌሊት ጣቱ የሚደነዝዝበት ሰው ካለ ግን ያ ልምምድ አይደለም፤ በዚያው ዕለት ክሊኒክ ይታይ፣ ቦታውም ይቀየር።

ፈረቃ ሁለት፦

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ነባሮቹን በሁለቱ ፈረቃ እንዴት እናከፋፍል? አብዛኞቹ ቀን ቀን መሥራት ነው የሚፈልጉት። ስለ ግዴታውም ገና ምንም አልተባለም።

ቁልፍ 13፦

ነባሩን በሙሉ ቀን ላይ ትታችሁ አዲሱን በሙሉ ማታ ካደረጋችሁ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ፋብሪካ ይፈጠራል፤ ማታ የተሠራውን ጉድለት ቀን ሲያርም ይውላል፣ ከዚያ መናናቅ ይመጣል። ግማሽ በግማሽ አካፍሏቸውና ፈረቃው በየሁለት ሳምንቱ ይዙር። ያኔ ጭቅጭቁ ያልቃል ማለቴ አይደለም፣ ግን ሁሉም እኩል ይቀምሰዋል። ጥራት በሁለቱም በኩል ለጥቂት ሳምንት ይወርዳል፤ ይህን ለአስተዳደሩ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሩ። ሁለተኛውን ፈረቃ ስትከፍቱ በሙሉ ፍጥነት አትጀምሩ። አንድ መኪና አንድ ባዶ ማንጠልጠያ እያፈራረቁ መልቀቅ ቀላሉ መንገድ ነው፤ መስመሩ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል፣ ሠራተኛው ግን 6 ደቂቃ ያገኛል።

እያንዳንዱን ቦታ ቢያንስ 3 ሰው እንዲችለው፣ እያንዳንዱ ሰውም ቢያንስ 3 ቦታ እንዲችል አድርጉ። ከዚያ በታች ከሆነ ሁለት ሰው በቀረ ቁጥር መስመሩ ይቆማል።

ሰው ኃይል፦

ግዴታውን ወደ መጨረሻ ልተወው፤ መጀመሪያ ሰው መቼ እንደሚወጣ ቁጠሩ። "የዓመቱ ፍልሰት (የለቀቀ ሠራተኛ መጠን) ይህን ያህል በመቶ" የሚለው ቁጥር ለሪፖርት እንጂ ለሥራ አይረባም። በአንድ ወር የተቀጠሩትን እንደ አንድ ቡድን ያዙና በ7ኛው፣ በ30ኛው፣ በ90ኛው፣ በ180ኛው ቀን ስንት እንደቀሩ ጻፉ። ያንኑ በሥራ ቦታና በቡድን መሪ ለዩት። አብዛኛውን ጊዜ መውጣቱ በፋብሪካው ሁሉ እኩል አይሰራጭም፤ ሁለት ሦስት ቦታዎች ላይ ወይም አንድ ካቦ ሥር ይከማቻል።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚወጣ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ሳይነገረው የተቀጠረ ነው። መድኃኒቱ ውል ከመፈረሙ በፊት መስመሩ አጠገብ ሁለት ሰዓት ማቆም ነው፤ የማይሆነው ያኔውኑ ይቅር፣ ምንም አላወጣችሁበትም። ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው የሚወጣው የመስመር ካቦ እንዳለው አካሉ ደክሞ፣ ገመድ ስቦ የሚደርስለት አጥቶ፣ ወይም ተጮሆበት ነው። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል የሚወጣው የውሉን ነገር እያሰበ ነው፦ ቋሚ እሆናለሁ ወይስ ሙከራ ላይ እቀራለሁ? አንድ ዳሽቦርድ በግራና በቀኝ ይዘው የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ቋሚ አንዱ ጊዜያዊ ሆነው ደሞዛቸው ከተለያየ፣ ስለ ታማኝነት ማውራት ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ የግድ ካስፈለገ ወደ ቋሚ የሚዞርበት ቀንና መስፈርት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ቀኑ ሲደርስም አንድም ቀን አይለፍ።

ከዓመት በኋላ የሚወጣው ሌላ ነው። እሱ ሥራውን ችሏል፣ ገበያም አለው። እሱን የሚይዘው የሙያ እርከን ነው፤ ሦስት ቦታ ሲችል አንድ የደሞዝ እርከን፣ ስድስት ሲችል ሌላ፣ ማስተማር ሲጀምር ሌላ። እርከኑ የሚሰጠው መስመር ላይ ሠርቶ ላሳየ ብቻ ነው። ለምስክር ወረቀት ከከፈላችሁ ወረቀት ይበዛል፣ ተተኪ ግን አይገኝም።

ብሎን ፈቺ፦

ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ደሞዝ ጨምሩ፣ ማንም አይለቅም። ፎርድ በቀን 5 ዶላር ብሎ ገላገለው አይደል?

ሰው ኃይል፦

ወንድሜ፣ የፎርድን ታሪክ ሙሉውን እንየው። እ.ኤ.አ. በ1913 ተንቀሳቃሹ መስመር ሲገባ ፍልሰቱ 370 በመቶ ደረሰ፤ 14,000 ገደማ ሠራተኛ ለማቆየት በዓመት ከ50,000 በላይ ሰው መቅጠር ግድ ሆነ። ጥር 1914 ላይ 5 ዶላሩ ታወጀ፣ የሥራ ቀኑም ከ9 ሰዓት ወደ 8 ወረደ። ፍልሰቱ በዚያው ዓመት ወደ 54 በመቶ፣ በ1915 ወደ 16 በመቶ ገባ። እስከዚህ ልክ ነህ። ግን ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉ ደሞዝ ሳይሆን የትርፍ ድርሻ ነበር፤ ስድስት ወር ላልቆየ አይሰጥም፣ የሚያገኘውም ቤቱና ኑሮው ተመርምሮ ነበር። ሌላው የሚዘለለው ነገር፣ 5 ዶላሩ ከመምጣቱ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ጥቅምት 1913 ላይ፣ የተዘበራረቀው የደሞዝ ተመን በሙያ እርከን መስተካከሉና ሠራተኛን በራሱ ፈቃድ የማባረር ሥልጣን ከካቦው መወሰዱ ነው። ገንዘቡ የሠራው እዚያ ላይ ተጨምሮ ነው።

በተቃራኒው ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን ፋብሪካ እይ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዘጋው ከሥራ በሚቀር ሠራተኛ ብዛት ስሙ የጠፋ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር ኑሚ ተብሎ ሲከፈት አብዛኛው ሠራተኛ ያው የድሮው ነበር፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ያው። የተለወጠው አሠራሩ ነው፦ ቡድን መሪዎቹ ጃፓን ወዳለው የቶዮታ ታካኦካ ፋብሪካ ሄደው መስመር ላይ ሠልጥነው መጡ፣ ማንም ገመድ ስቦ መስመር ማስቆም ቻለ፣ ኩባንያው ሰው ከመቀነሱ በፊት ሌላውን ሁሉ እንደሚሞክር ውሉ ላይ ጻፈ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሽያጩ ሲወርድ ትርፍ የሆኑትን ሠራተኞች አላሰናበተም፤ ስልጠናና የአሠራር ማሻሻያ ላይ አዋላቸው። ከሥራ የሚቀረው ሰው ብዛት በጣም ወረደ። ሠራተኛ ድርጅቱን የሚመዝነው ሽያጭ በወደቀበት ወር ነው። ቮልክስዋገንም በ1993 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ 30,000 ያህል ሰው ትርፍ ሲሆንበት ሳምንቱን ወደ 28.8 ሰዓት አውርዶ ሰውን አቆየ፤ ሠራተኛው ከዓመት ገቢው ተቀነሰበት፣ ሥራው ግን አልሄደበትም።

ደሞዛችሁ ከአካባቢው በታች ከሆነ አዎ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ከዚያ በላይ ግን ተፎካካሪ ሁልጊዜ ትንሽ ጨምሮ መውሰድ ይችላል።

ጥገና ክፍል፦

ስለ ግዴታው እኔ ልመልስ። ለመስመር ሠራተኛ አታስፈርሙ። የሦስት ሳምንት ስልጠና ነው፤ ወጪው ለፍርድ ቤት ክርክር እንኳ አይበቃም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መውጣት የፈለገውን ሰው በግድ ማስቀመጡ ነው። እሱ ይቀራል፣ ይዘገያል፣ ገመዱን አይስብም፣ በግማሽ የገባውን ስፒና አይቶ ያልፋል።

ለእኛ ክፍል ግን ነገሩ ይለያል፣ ሰው ኃይል ባይስማማም። ሮቦት ፕሮግራም የሚያደርግ፣ ወይም በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ከ400 እስከ 800 ቮልት ባለው ባትሪ ላይ እንዲሠራ የተፈቀደለት ሰው ብዙ ወር ይፈጃል፣ ስልጠናውም ውድ ነው። ለእሱ ግዴታ ተገቢ ነው፤ ዕዳው ግን በየወሩ ይቀንስ። ውሉ 24 ወር ከሆነ በየወሩ አንድ ሃያ አራተኛው ይሰረዝ፤ በ23ኛው ወር የሚወጣ ሙሉውን አይጠየቅ። ድርጅቱ ራሱ ካሰናበተው ምንም አይከፍል። የሚከፈለውም በደረሰኝ የሚታየው የስልጠና ክፍያና ጉዞ ብቻ እንጂ ሲሠለጥን የበላው ደሞዝ አይደለም። የሀገሩ የሥራ ሕግ ምን እንደሚፈቅድም ጠበቃ ሳያየው እንዳትለጥፉት።

ሰው ኃይል፦

በዚህ መልኩ ከሆነ አልቃወምም። ግን ውሉ ላይ የድርጅቱም ግዴታ ይጻፍ፦ ሠልጥኖ ሲመለስ በየትኛው ደረጃና ደሞዝ እንደሚመደብ። ሠልጥኖ መጥቶ የድሮ ቦታው ላይ የሚቆም ሰው ዕዳውን ከፍሎም ቢሆን ይሄዳል።

ፈረቃ ሁለት፦

በጣም ረድታችሁኛል። 223ቱንና የ24 ቡድን መሪዎቹን ሐሳብ ይዤ እገባለሁ። የመጨረሻ፦ ማን የቱን ቦታ እንደሚችል የሚያሳየው ሰንጠረዥ ኮምፒውተር ላይ ይሁን ወይስ ወረቀት?

የመስመር ካቦ፦

ወረቀት፣ ቡድኑ በሚሰበሰብበት ግድግዳ ላይ። በቁመት ስም፣ በአግድም የሥራ ቦታ፣ መገናኛው ላይ አራት የተከፈለ ክብ። አንድ ሩብ ሲቀባ እየሠለጠነ ነው፤ ሁለት፣ በእርዳታ ይሠራል፤ ሦስት፣ ብቻውን በ3 ደቂቃው ይሠራል፤ አራት፣ ማስተማር ይችላል። ቡድን መሪው በእርሳስ ይሙላው፣ ካቦው ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ ይፈርም። አንድ ሰው ስድስት ወር ያልቆመበት ቦታ ላይ አንድ ሩብ ይሰረዝና እንደገና ይታይ። ኮምፒውተር ላይ ለሰው ኃይል የሚሆን ቅጂ ይኑር፣ ግን ጠዋት ሁለት ሰው ሲቀርባችሁ የምትሮጡት ወደ ግድግዳው ነው።